የኮምቦልቻ መካኒክ ነኝ፣ አትላንቲክን የምትሻገር የሸራ ጀልባ ላዘጋጅ ነው፣ ከየት ልጀምር?

ናፍጣ_ኮምቦልቻ፦

ሰላም ጀማው እንዴት ናችሁ። እዚ ኮምቦልቻ ወደ ባቲ መውጫው ላይ ጋራዥ ውስጥ 12 ዓመት ሰርቻለሁ፣ ስራዬ የጅቡቲ መስመር ተሳቢዎች ናቸው፣ ናፍጣ ሞተር ፈትቶ መግጠም የየቀን ስራዬ ነው። አሁን ግን የማላውቀው ነገር መጣብኝ። ታላቅ ወንድሜ ስፔን ነው የሚኖረው፣ ወደብ ላይ ጀልባ እየፋቀ ቀለም እየቀባ ነው የሚሰራው፣ እና አምና ከአንድ የስራ ጓደኛው ጋር ተዋጥተው አሮጌ የሸራ ጀልባ ገዙ። 11 ሜትር ናት፣ ፋይበርግላስ፣ በፈረንጆቹ 1987 የተሰራች፣ አራት ሲሊንደር 40 ፈረስ ጉልበት ናፍጣ ሞተር አላት። ሀሳባቸው ህዳር ላይ ከካናሪ ደሴቶች፣ ከላስ ፓልማስ ተነስተው አትላንቲክን ተሻግረው ካሪቢያን መግባት ነው፣ ሶስት ሰው ሆነው። እኔን ደግሞ ሰኔና ሐምሌ መጥተህ አብረን እናዘጋጃት ብሎ የግብዣ ወረቀት ልኮልኛል፣ ቪዛው ኢንሻአላህ ይሳካል።

እኔ ውሃ ላይ የማውቀው ሐይቅ ላይ ያለውን ታንኳና አንዴ ከሾፌሮች ጋር ጅቡቲ ስወርድ ከሩቅ ያየኋቸውን መርከቦች ነው። ስለዚ የሚያውቅ ይንገረኝ። የባሕር ሞተር ከመኪና ሞተር በምን ይለያል፣ ምን ምን መለዋወጫ ይያዝ፣ ደግሞ ዋናው ነገር ወንድሜ ያለውን ብር ሊትየም ባትሪና ትልቅ የካርታ ስክሪን ላይ ሊያወጣው ነው፣ የምሰሶዋን ሽቦዎች ስጠይቀው "ያበራሉ እኮ ምንም አልሆኑም" ይለኛል፣ የስንት ዓመት እንደሆኑ ግን አያውቅም። እናታችን ከሰማች ጀምሮ እንቅልፍ የላትም፣ ማታ ማታ እየደወለች "ያ ነገር ቀረ ወይ" ነው የምትለኝ። እሷን የማረጋጋበት እውነተኛ ነገር እፈልጋለሁ፣ ዝም ብሎ አብሽሪ ማለት አልፈልግም።

ሦስተኛ_መሐንዲስ፦

ወንድሜ አብሽር፣ ከግማሽ በላዩን ታውቀዋለህ። እኔ የደሴ ልጅ ነኝ፣ ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ያለው የማሪታይም ማሰልጠኛ ተምሬ አሁን ጭነት መርከብ ላይ ሞተር ክፍል ነኝ፣ የኔ ሞተር ከናንተ ጀልባ ራሱ ይበልጣል ግን የጓደኛዬን የሸራ ጀልባ እረፍት ላይ እያለሁ አብሬው ፈትቼ ገጥሜያለሁ።

ሞተሩ ያው ናፍጣ ነው፣ ፖምፓው ኢንጄክተሩ ቴስታታው የምታውቀው ነው። ልዩነቱ ራዲያተር የለውም። ሞተሩ ውስጥ የሚዞረው ኩላንት አለ፣ እሱን የሚያቀዘቅዘው ደግሞ ከውጭ የሚሳብ የባሕር ውሃ ነው፣ ሁለቱ ሂት ኤክስቼንጀር የሚባል ሙቀት መለዋወጫ ውስጥ ሳይነካኩ ይተላለፋሉ። የባሕር ውሃውን የሚስበው ፖምፓ ውስጥ ኢምፔለር የሚባል የጎማ ክንፍ አለ፣ መጠኑ መዳፍህ ላይ የሚያርፍ ነው፣ የጀልባዋ ሕይወት ግን እዛ ጎማ ላይ ነው ማለት ትችላለህ። ውሃ ሳያገኝ ከዞረ በትንሽ ጊዜ ተቃጥሎ ይበጣጠሳል። ስትከፍተው ክንፎቹን ቁጠር። ስድስት ሆነው ሁለቱ ከጎደሉ አዲስ ገጥመህ እንዳትዘጋው፣ የጎደሉትን ፈልግ፣ ብዙ ጊዜ የኤክስቼንጀሩ አፍ ላይ ተወትፈው ነው የሚገኙት፣ እነሱ እዛ እያሉ አዲሱም ኢምፔለር አያድንህም ሞተሩ ይግላል። ቢያንስ ሶስት ተለዋጭ ከነጓርኒሲዮኑ፣ ከነማሸጊያው ማለቴ ነው፣ ይያዝ።

ያ ውሃ ስራውን ጨርሶ ማርሚታ፣ ማለትም የጭስ ማውጫው፣ ውስጥ ይገባና ከጭሱ ጋር ወደ ውጭ ይተፋል። ስለዚ ሞተር በተነሳ ቁጥር መጀመሪያ የሚታየው ጌጅ አይደለም፣ ወደ ኋላ ሄዶ ከማርሚታው ውሃ እየተፋ መሆኑን ማየት ነው፣ ካልተፋ ወዲያው አጥፋ። ውሃና ጭስ የሚቀላቀሉበት ክርን ውስጥ ደግሞ ጥላሸትና ጨው ተጋግሮ ቀዳዳውን ያጠብበዋል፣ በ1987 የተሰራች ከሆነች ፈትተህ ሳታይ እንዳትተዋት።

አሁን የምነግርህን በተለይ አንተ ስማኝ፣ የጋራዥ ልጅ ስለሆንክ የሚያጠፋህ ይሄ ነውና። እኛ መኪና ናፍጣ ጨርሶ ወይ ፊልትሮ ቀይረን አየር ሲገባበት ሞተሪኖውን (ማስነሻውን) ደጋግመን እየመታን ነው የምናስነሳው አይደል? ጀልባ ላይ እንደዛ ካደረክ ሞተሩ ባይነሳም በዞረ ቁጥር የባሕር ውሃ ፖምፓው ማርሚታው ውስጥ ውሃ ያጠራቅማል፣ የሚገፋው ጭስ ስለሌለ ውሃው ሞልቶ ወደ ኋላ ተመልሶ ሲሊንደር ውስጥ ይገባል። ጨው ውሃ ሲሊንደር ውስጥ ማለት ሞተሩ ሞተ ማለት ነው። ስለዚ ሞተሪኖ ደጋግመህ ልትመታ ከሆነ የባሕር ውሃ መግቢያውን ቫልቭ ዝጋ፣ ልክ ሲነሳ ወዲያው ክፈት። እንዳይረሳ ቁልፉ ላይ ወረቀት ይንጠልጠል።

ናፍጣውን በተመለከተ፣ አሮጌ ታንከር ስር ውሃ ይጠራቀማል፣ ውሃና ናፍጣው የሚገናኙበት ላይ ጥቁር ቅባት የሚመስል ነገር ይበቅላል፣ ነፍስ ያለው ነገር ነው፣ ባክቴሪያና ፈንገስ። ወደብ ቆማ ምንም አይልም፣ ከስር ተኝቷል። ማዕበል ሲያናውጣት ሁሉም ተነስቶ አንዴ ፊልትሮውን ይደፍነዋል፣ ማለትም ሞተር በጣም በምትፈልግበት ሰዓት ይጠፋል። የሐረጎን ዳገት ጭነህ ስትወጣ መሀል ላይ ናፍጣ ሲቆርጥብህ አስበው፣ እዛ ግን ድንጋይ ከጎማ ስር የሚያደርግልህ የለም። ታንከሩን ከፍታችሁ በእጅ አጽዱት፣ ውሃ የሚለይ ቅድመ ፊልትሮ ከሌላት ግጠሙላት፣ ፊልትሮ ደግሞ በካርቶን ይያዝ።

አንድ ነገር ላስላልህ። ታንከሯ 180 ሊትር ይይዛል እንበል፣ በሰዓት 3 ሊትር ከበላ 60 ሰዓት ነው፣ በሰዓት 5 የባሕር ማይል ብትሄድ 300 ማይል ነው። ከላስ ፓልማስ ካሪቢያን ግን ወደ 2700 የባሕር ማይል ነው፣ አንዱ 1852 ሜትር ስለሆነ 5000 ኪሎ ሜትር አካባቢ ማለት ነው። ስለዚ የምታሻግራቸው ሸራዋ ናት። ሞተሩ ባትሪ ለመሙላት፣ ወደብ ለመግባት እና ለክፉ ቀን ነው።

ሙጋድ_ያደገች፦

እህትህ ነኝ፣ ደሴ ሙጋድ ነው ያደግኩት፣ አሁን ግሪክ ነኝ፣ ጀልባ የሚጠገንበት ግቢ ውስጥ ስምንት ዓመት ሰርቻለሁ፣ አንዴ ደግሞ የሰው ጀልባ ላይ ተቀጥሬ ከካናሪ ካሪቢያን ላይ ወዳለችው ማርቲኒክ ተሻግሬያለሁ፣ 21 ቀን ፈጀብን። ስለ ሞተሩ ወንድማችን ጨርሶታል፣ እኔ ጀልባ ስለሚያሰምጠውና ምሰሶ ስለሚጥለው ልንገርህ።

ወንድምህ ሽቦዎቹ ያበራሉ ያለው ነገር አስደንግጦኛል። አይዝጌ ብረት እያበራ ነው የሚበጠሰው። ምሰሶዋን የያዛት ሽቦ 19 ክር የተገመደ ነው፣ ጫፉ ላይ ብረት ቱቦ ውስጥ ተጨምቆ ይገባል፣ ጨው ውሃ እዛ ቱቦ ውስጥ ገብቶ ይቀመጣል፣ ከታች ያለው ጫፍ ደግሞ ይብሳል ውሃው ወደዛ ስለሚወርድ። ጥጥ ይያዝና እያንዳንዱን ሽቦ ከታች እስከ ላይ ይጥረገው፣ ጥጡ የያዘበት ቦታ ላይ አንድ ክር ተበጥሷል ማለት ነው፣ አንድ ክር ከተበጠሰ ያ ሽቦ አብቅቷል። ጫፉ ላይ ቡናማ ዝገት የሚያለቅስ መስመር ካለ ወይ ቱቦው ላይ ፀጉር የምታክል ስንጥቅ ካለ እንደዛው። እና በስራው ላይ ያሉ ሰዎች ከ10 እስከ 15 ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ ዝም ብለህ ቀይር ነው የሚሉት፣ ዕድሜው ካልታወቀ ደግሞ እንዳለቀ ይቆጠራል። የስክሪኑን ብር እዛ ላይ ያውለው፣ ስልክና ታብሌት ላይ ካርታ ይጫናል፣ ምሰሶ ግን የሚጫንበት የለም።

ሁለተኛው ከውሃ በታች ያሉት ቀዳዳዎች ናቸው። ለሞተር ውሃ መግቢያ፣ ለሽንት ቤት፣ ለእቃ ማጠቢያ፣ እያንዳንዱ ቀዳዳ ላይ ቫልቭ አለ። አሮጌ ጀልባ ላይ አንዳንዱ ተራ ነሐስ መሳይ፣ የቤት ቧንቧ የሚሰራበት ብራስ ሆኖ ታገኘዋለህ። ጨው ውሃ ከብራሱ ውስጥ ዚንኩን በልቶ ይጨርሰውና መዳቡን ብቻ እንደ ስፖንጅ አድርጎ ይተወዋል፣ ከውጭ ሲታይ ደህና ነው፣ ሲፋቅ ግን ሮዝ ነው። እኔ እጄ ላይ ደርሶብኛል፣ የአንድ ደንበኛ ጀልባ ላይ ቫልቭ ልዘጋ እጀታውን ስገፋው ሙሉው ከስሩ ተቆርጦ እጄ ላይ ቀረ፣ ደግነቱ ጀልባዋ መሬት ላይ ነበረች፣ የተቆረጠበትን አየሁት፣ ልክ የተጋገረ ብስኩት ነበር የሚመስለው፣ በጥፍሬ ፈረፈርኩት። ባለቤቶቹ ከሁለት ሳምንት በፊት እኮ ባሕር ላይ ነበሩ ከነልጆቻቸው። አሁንም ሳስበው ሆዴ ይረበሻል።

ለምን እንደማካብድ እንዲገባህ፣ ከውሃ መስመር በታች 60 ሳንቲ ላይ 5 ሳንቲ ስፋት ያላት ቀዳዳ በደቂቃ ከ200 ሊትር በላይ ታስገባለች፣ አንድ በርሜል በደቂቃ በል። ትንንሾቹ የኤሌክትሪክ ፖምፓዎች አይችሉትም፣ ባትሪውም ውሃ ውስጥ ሲገባ ያበቃል። ስለዚ እያንዳንዱ ቫልቭ ጎን ላይ ለስላሳ እንጨት በልኩ ተጠርቦ በገመድ ይታሰር፣ ቧንቧዎቹ ላይ ከአንድ ፋሻታ (ማጥበቂያ ቀለበት) ይልቅ ሁለት ሁለት ይሁን፣ ፋሻታውም ሙሉ አይዝጌ ይሁን ቡሎኑ ጭምር፣ በእጅ የሚሰራ ፖምፓም ከውጭ ከመሪው አጠገብ ይኑር።

ደግሞ መሻገሩ ላይ ራሱ ያየሁትን ልጨምር። ነፋሱ ከኋላ ነው፣ ሶስት ሳምንት ሙሉ በአንድ በኩል፣ ያ ማለት ገመዱ ሶስት ሳምንት ሙሉ እዛው አንድ ቦታ ላይ ይፋጫል። በየጠዋቱ ገመዱን አንድ ስንዝር አሳልፉት፣ የሚነካበት ቦታ ይቀየራል። እኛ ሁለት ቀን ረስተነው የእጄን አውራ ጣት የሚያክል ገመድ ግማሹ ተበልቶ አገኘነው።

ውሃ ለሶስት ሰው በቀን በነፍስ ወከፍ 4 ሊትር፣ ለ25 ቀን 300 ሊትር፣ አንድ ታንከር ላይ ብቻ አይሁን፣ ቢቀደድ ወይ ጨው ቢገባበት ሁሉም ይሄዳል፣ ጄሪካን ላይ ይከፈል። ጨው ውሃ የሚያጣራ ማሽን ብትገዙም ጄሪካኑ አይቀርም። እና አንተ ስትሄድ በሶ ይዘህላቸው ሂድ፣ አየር በማያስገባ ጣሳ ታሽጎ። ማዕበል ሲሆን ምድጃ አይለኮስም፣ የሰው ሆድ ሁሉ ተገልብጦ እኔን ያቆመኝ እናቴ የላከችው በሶ ነው።

ሶላር_ደሴ፦

ስለ ባትሪው እኔ ልበል ስራዬ ስለሆነ። ሊትየም መጥፎ አይደለም፣ ከያዘው 80 በመቶ ትጠቀምበታለህ፣ የአሲዱን ባትሪ ግን ከግማሽ በታች ካወረድከው ዕድሜውን ትበላዋለህ፣ አርፎ 12.2 ቮልት ካሳየህ ግማሽ ላይ ነው። ችግሩ አልተርኔተሩ ነው፣ ሞተር ሲሰራ ባትሪ የሚሞላው። ሊትየም የሰጠኸውን ከረንት ሁሉ ይጠጣል፣ የድሮ አልተርኔተር ደግሞ ሙሉ ጉልበቱን ለሰዓታት እንዲሰጥ አልተሰራም፣ ግሎ ይቃጠላል። የባትሪው መቆጣጠሪያ ድንገት ሲቆርጥም የአልተርኔተሩ ዳዮድ ሊሄድ ይችላል። ስለዚ ሊትየም ከገባ መሀል ላይ ከረንቱን የሚገድብ ከዲሲ ወደ ዲሲ ቻርጀር ያስፈልጋል፣ ያ ደግሞ ሌላ ብር ነው። ዘንድሮ ብሩ ካልበቃ ጥሩ የአሲድ ባትሪና ሁለት ሶላር ፓኔል ይበቃቸዋል፣ የሞተር ማስነሻው ባትሪ ብቻውን ተለይቶ ይቀመጥ። ሽቦው ቆርቆሮ የተቀባ መዳብ ይሁን፣ ተራው መዳብ በጨው አየር ውስጡ አረንጓዴ ሆኖ ይበሰብሳል። ፊውዝ ደግሞ ባትሪው አፍ ላይ፣ ራቅ ብሎ አይደለም።

የሐይቅ_ልጅ፦

ይቅርታ ግን አንድ ነገር ልጠይቅ፣ ካሪቢያን ድረስ ከሚሄዱ ለምን በስዊዝ አድርገው በቀይ ባሕር ጅቡቲ አይመጡም፣ እኛም እናያቸው ነበር፣ ከኮምቦልቻ ጅቡቲ ምን አላት።

ሦስተኛ_መሐንዲስ፦

@የሐይቅ_ልጅ ሀሳብህ ደስ ይላል ግን ለሸራ ጀልባ አልመክርም። ከኖቬምበር 2023 ጀምሮ ቀይ ባሕር ላይ በየመን በኩል መርከቦች ላይ ጥቃት ተጀምሮ እኛ ራሳችን በአፍሪካ ዞረን በጉድ ሆፕ ነበር የምንሄደው። ከዛ ውጭ የካሪቢያኑ መስመር ነፋሱ ከኋላ ይገፋል፣ ሰው ህዳር ላይ የሚነሳውም ለዛ ነው፣ ካሪቢያን ላይ የአውሎ ነፋሱ ወቅት ከጁን እስከ ኖቬምበር ነው፣ እሱ ሲያበቃ ይገባሉ። በፈረንጆቹ ከ1986 ጀምሮ በየዓመቱ ኖቬምበር ላይ ከላስ ፓልማስ ተሰብስበው የሚነሱ ጀልባዎች አሉ፣ ወንድሞቻችን ብቻቸውን አይደሉም።

አባት_ከአሰብ፦

ልጆቼ ጥሩ ጥሩ ነገር ተናግራችኋል፣ ተባረኩ። እኔ በኛ አቆጣጠር እስከ 1983 ድረስ ባሕር ኃይል ውስጥ ነበርኩ፣ ምፅዋም አሰብም አገልግያለሁ፣ አሁን ደሴ ነው ያለሁት። እናታችሁ ስለምትፈራው ነገር ልናገር፣ ትክክል ናት፣ ባሕር የሚገድለው ብዙ ጊዜ ጀልባዋ ሰምጣ ሳይሆን ሰው ከላይዋ ወድቆ ነው።

አንድ ሌሊት ባሕሩ ጸጥ ባለበት አንድ ልጅ ወደቀብን። ጭንቅላቱ ከውሃ በላይ የሚታየው ኳስ ታክላለች፣ ዓይንህን አንዴ ካነሳህ አታገኘውም። አለቃችን የመጀመሪያ ቃሉ ለአንዱ "አንተ ጠቁም!" ነበር። ያ ሰው ሌላ ስራ አይሰራም፣ ገመድ አይስብም፣ አይሮጥም፣ ጣቱን ወደወደቀው ሰው ዘርግቶ ይቆማል፣ መርከቧ ስትዞር እሱም እየዞረ። በዚያ ጣት ነው ያገኘነው። ትልቅ መርከብ ላይ ያ ሁሉ ሰው እያለን ነው እንዲህ የሆነው፣ እነሱ ሶስት ናቸው፣ ሁለቱ ተኝተው አንዱ ሲጠብቅ ቢወድቅ የሚጠቁም የለም። ስለዚህ ከፊት እስከ ኋላ ጠንካራ ጠፍጣፋ ገመድ ተዘርግቶ፣ ማታ ወደ ውጭ የሚወጣ ሰው ገና ከበሩ ሳይወጣ ቀበቶውን እዚያ ላይ ያያይዝ። ባሕሩ ጸጥ ቢልም። ሽንት ለመሽናትም ቢሆን።

ሬዲዮው ቻናል 16፣ የአደጋ ጥሪው ቻናል፣ ላይ ይሁን፣ ነገር ግን ከመርከብ ጋር የሚያገናኘው ቅርብ ርቀት ላይ ነው፣ መሀል ውቅያኖስ ላይ የሚሰማ ላይኖር ይችላል። ለዚያ በሳተላይት የሚጮኸው 406 ሜጋ ኸርትዝ መሣሪያ አለ፣ ኢፐርብ ይሉታል፣ ሲነሳ ቢያንስ 48 ሰዓት ምልክት ይልካል። በጀልባዋ ስም ተመዝግቦ የቤተሰብ ስልክ ይሙላበት፣ ያንተንም ስልክ ይጻፉ። የባትሪውን ጊዜ እዩ። የነፍስ አድኑ የጎማ ጀልባ መቼ እንደተፈተሸ በላዩ ላይ ተጽፏል፣ ካለፈ ከነሣጥኑ ለፍተሻ ይሂድ። ለእናታችሁ ይህንን ንገሯት፣ ቀበቶ አለ፣ ጠሪ አለ፣ ስልኩም እኔጋ ነው የሚደወለው በላት። እኔ እናቴን የማረጋጋበት አንድም ነገር አልነበረኝም በጊዜው።

ናፍጣ_ኮምቦልቻ፦

ጋሼ አላህ ዕድሜ ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ትናንት ማታ ለእናቴ ያሉትን አንድ በአንድ አነበብኩላት፣ "ያ ቀበቶ ማታ ማታ ነው ወይስ ቀንም" አለችኝ፣ ቀንም አልኳት፣ ከዛ ስለ በሶው ስነግራት ገብስ ልግዛ አለች።

ወንድሜን ደግሞ ሁሉንም ልኬለት ዛሬ ጠዋት ወረደ። ኢምፔለሩን አውጥቶ ፎቶ ላከልኝ፣ ስድስት ክንፍ ነው፣ አንዱ የለም፣ ፈልገው ብዬዋለሁ። ስክሪኑን ለጊዜው ትቶታል፣ ለሽቦዎቹ ዋጋ ሊጠይቅ ነው። ሊትየሙ ላይ ግን ገና አልተስማማንም። እና @ሙጋድ_ያደገች እባክሽ ይቺን እይልኝ፣ የሽንት ቤቱን ቫልቭ አንገቱ ላይ በቢላ ትንሽ ፋቅ አድርጎ ነው ፎቶውን የላከው፣ የተፋቀው ቦታ ቢጫ አይደለም፣ ሮዝ ነው የሚመስለው ወይስ የመብራቱ ነው? እጀታው ደሞ አልዞር ብሎታል፣ ቁልፍ አግብቶ ሊያስገድደው ነው።

ሙጋድ_ያደገች፦

የመብራቱ አይደለም፣ ሮዝ ነው። አሁኑኑ ደውልለት፣ እንዳይነካው! ጀልባዋ ውሃ ላይ ናት አይደል? ቁልፍ አያግባበት፣ መዶሻ አይንካው፣ እንዳለ ይተወው። በልኩ እንጨት ጠርቦ አጠገቡ ያስቀምጥ፣ ክሬን ላለው ግቢ ነገ ደውሎ ተራ ይያዝ፣ መጀመሪያ ከውሃ ትውጣ። አንዱ እንዲህ ከሆነ ሌሎቹም የዛው ዘመን ናቸው፣ ሁሉም ይቀየራሉ። እስክትወጣ ድረስ ማታ ማታ እዛው ጀልባዋ ውስጥ ይደር፣ ወለሉን ከፍቶ ውሃ መኖሩን እያየ። ደውለህ ንገረኝ፣ እየጠበኩህ ነው።